ጥርኝ ውኃ በግሸን መንገድ

ደመራ ተለኩሶ፣ አደይ አበባው ገና ሳይረግፍ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ ሰላም በሆነ ዓመት በአውቶቡስ ይጨናነቃል። ተሳፋሪው ነጠላውን አጣፍቶ፣ ስንቁን ቋጥሮ፣ መስከረም 21 ቀን ግሸን ማርያም ለመድረስ ወደ አምባሰል ይገሰግሳል። ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ የጣርማ በርን ዋሻ ሾልኮ፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ሰንበቴንና አጣዬን ተሻግሮ ከሚሴ ሲገባ የቆላው ሙቀት ይቀበለዋል። ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዟል ማለት ነው። ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ ናት፤ አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ነው፤ ገበያው በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይካሄዳል። ተሳላሚው እዚህ ወርዶ እግሩን ያፍታታል፣ ሽሮውን በልቶ፣ ውኃውን ጠጥቶ ይሳፈራል። ምግቡን የሚያቀርብለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሙስሊም ነው፤ ነጠላውን አይቶ ወዴት እንደሚሄድ ሳይነገረው ያውቃል።

ከተሳላሚዎቹ መካከል ለምን እንደሚሄድ ቢጠየቅ «ጻድቅ ስለሆንኩ» የሚል አይገኝም። አንዱ ስለት አለበት። ሌላው ከወንድሙ ተጣልቶ ዓመታት አልፈዋል። አንዷ ልጅ ሳለች ከቆረበች ወዲህ ወደ ሥጋ ወደሙ ቀርባ አታውቅም። ግሸን በምእመናን ዘንድ የሥርየት ቦታ ናት። የቤተ ክርስቲያኒቱ ትውፊት እንደሚለው ዐፄ ዳዊት ያስመጡት ግማደ መስቀል በልጃቸው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በዚያች መስቀለኛ አምባ ላይ ተቀመጠ፤ ታሪኩም በመጽሐፈ ጤፉት ተጽፎ ይገኛል። ተራራውን የሚወጣው ሰው ይህን ታሪክ አምኖ፣ ጉድለቱን ይዞ ነው የሚወጣው።

በክርስትና ትምህርት ጸጋ ደመወዝ አይደለም፤ ሰው ሠርቶ የማያገኘው፣ ሳይገባው የሚሰጠው ነው። ይህን ለማስረዳት ሊቃውንት ብዙ መጻሕፍት ጽፈዋል። የኢትዮጵያ ገበሬና ነጋዴ ግን ትምህርቱን የተማረው ከመጽሐፍ ይልቅ ከአንድ አስደንጋጭ ታሪክ ነው፦ ከሰው በላው ከበላዔ ሰብእ።

በተአምረ ማርያም እንደተተረከው ሰውየው የቅምር አገር ሰው ነበር። 78 ሰው በልቷል፤ ከእነዚያ መካከል የገዛ ቤተሰቡ ይገኝበታል። በቃል የሚነገረው ትረካ ደግሞ ከዚያ በፊት የነበረውን ይጨምራል፦ ስምዖን የሚባል እንግዳ ተቀባይ፣ ደግ ሰው ነበር፤ ሰይጣን በእንግዳ አምሳል መጥቶ ልጅህን እረድልኝ አለው፤ አረደ፣ ቀመሰ፣ ከዚያ በኋላ የሰው ሥጋ እንጂ ሌላ አላሰኘውም። ሲዞር ሲዞር አንድ በቁስል የተመታ፣ በውኃ ጥም የሚቃጠል ድሃ አገኘ። ድሃው በእግዚአብሔር ስም ለመነው፤ አልሰጠም። በጻድቃን ስም ለመነው፤ አልሰጠም። በማርያም ስም ሲለምነው ግን ቆመ፤ እስኪ ድገመው አለ። ከያዘው ውኃም ጥቂት አፈሰሰለት፤ የድሃውን ጉሮሮ እንኳ በቅጡ አላራሰም። ከዚያም ሰው በላው ዋሻ ገብቶ ኃጢአቱን እያሰበ፣ እያለቀሰ በረሃብ ሞተ። ነፍሱ ለፍርድ ስትቀርብ 78ቱ ነፍሳት በአንድ ወገን፣ ጥርኝዋ ውኃ በሌላ ወገን ተመዘኑ። እመቤታችን ጥላዋን ጣል ስታደርግበት ውኃው ደፋ።

ታሪኩ የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል ይነገራል፤ ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም በሚገባበት ሰሞን ማለት ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይም ተሥሏል፤ ሚዛኑን ልጆች ሳይቀሩ በጣታቸው ያሳያሉ።

ታሪኩን ሰምተው የሚቆጡ አሉ፤ ቁጣቸውም መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። 78 ሰው የበላ ሰው በአንድ እፍኝ ውኃ ከዳነ የተበሉት ሰዎች ፍርድ የት ሄደ? ፕሮቴስታንት አማኞች ደግሞ ከሌላ ወገን ይጠይቃሉ፦ የሚያድነው የክርስቶስ ደም ከሆነ የውኃው ሚዛን ምን ይሠራል? የኦርቶዶክስ መምህራን ሲመልሱ ውኃው ዋጋ ሆኖ አልተከፈለም ይላሉ። ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሌላ ሰው ራርቷል፤ ከዚያ በኋላ ያለቀሰው ልቅሶም አለ፤ ምሕረቱ የገባው በዚያ ስንጥቅ ነው። መልሱ ሁሉንም ያረካል ማለት አይደለም። ይሁን እንጂ ይህ ታሪክ ለዘመናት አንድ ነገር ሠርቷል፦ የትኛውም ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን «እኔ ከእሱ አልብስም» ብሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ እንዲመጣ ፈቅዶለታል።

ይህ ታሪክ የሚገኝበትን የምሕረት መጽሐፍ፣ ተአምረ ማርያምን፣ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ያደረጉት ሰው ማን እንደሆኑ ሲታሰብ ነገሩ ይበልጥ ይገርማል።

ተአምረ ማርያም መነሻው የአውሮፓ ስብስብ ነው፤ በዐረብኛ አልፎ በዐፄ ዳዊት ዘመን ወደ ግእዝ ተመለሰ፤ በአገር ውስጥ በተጻፉ ታሪኮችም እየሰፋ ሄደ። ንባቡን የሥርዐቱ አካል ያደረጉት፣ 33ቱን የእመቤታችን በዓላት የደነገጉት ግን ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። ንጉሡ ሊቅ ነበሩ፤ እነ መጽሐፈ ብርሃንና መጽሐፈ ሚላድ በስማቸው ይጠራሉ። እጃቸው ግን ከባድ ነበር። ለመስቀል፣ ለእመቤታችን ሥዕልና ለንጉሥ አንሰግድም ያሉትን የአባ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርት አስገርፈዋል፣ አስወግረዋል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ «ደቂቀ እስጢፋኖስ፦ በሕግ አምላክ» ብለው ወደ አማርኛ የመለሱት ገድል የእነዚያን መነኮሳት ስቃይ በዝርዝር ይዟል። የንጉሡ የገዛ ዜና መዋዕልም ቢሆን አይሸፋፍንም፤ ጣዖት አመለኩ ተብለው ልጆቻቸው እንደተገረፉ ይናገራል። የበዕደ ማርያም እናት ጽዮን ሞገሳም ከደረሰባት ግርፋት የተነሣ ሞታለች። ልጇ ለነፍሷ ዕጣንና ጧፍ ለቤተ ክርስቲያን ቢሰጥ እሱም የአባቱ ቁጣ ደረሰበት።

የግሸን ተጓዥ የሚያልፍባት ደብረ ብርሃን ራሷ የዚያ ዘመን ከተማ ናት። መነኮሳቱ ከተወገሩ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሰማይ ብርሃን ታየ፤ ንጉሡ ይህን የፍርዳቸው ማረጋገጫ አድርገው ወሰዱት፤ በ1446 ዓ.ም. ገደማ በቦታው ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ከተሙበት። ተወጋሪዎቹ ብርሃኑን በዚያ መልኩ እንደማያነቡት ግልጽ ነው። የሚገርመው ኋላ የሆነው ነው። የደቂቀ እስጢፋኖስ ገዳም ጉንዳ ጉንዶ ከቤተ ክርስቲያኒቱ ጋር ታረቀ፤ የብራና መጻሕፍቱም ዛሬ ከኢትዮጵያ ቅርሶች መካከል እጅግ ከሚደነቁት ናቸው። ገራፊውም ተገራፊውም በአንድ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ስለ ምሕረት እጅግ የተጨነቀ መጽሐፍ ምሕረት በማያውቅ እጅ መስፋፋቱን አንዳንዱ እንደ ግብዝነት ያየዋል። ሌላ ንባብም አለ፤ ይህ ጸሐፊ ወደዚያ ያዘነብላል፦ ንጉሡ ያን ሚዛን የፈለጉት ከማንም ይልቅ ስለሚያስፈልጋቸው ሊሆን ይችላል። የልብን የሚያውቅ አምላክ ነው።

ከሚሴና ግሸን የሚገኙባት ወሎ ደግሞ የራሷ ቁስል አላት። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደሴ ብዙ በማይርቀው በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጠርተው የቤተ ክርስቲያኒቱን የሃይማኖት ክርክር ዘጉ። ወዲያውም የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታወጀ። ኢማም መሐመድ አሊ ራስ ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸው ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ሌላው የወሎ መሪ አባ ዋጠው ኃይለ ማርያም ሲባሉ ምኒልክ አበ ልጅ ሆኑላቸው። እነ ሼህ ጠልሃ ግን አሻፈረኝ ብለው ተነሡ። ከተጠመቁትም መካከል ቀን ቤተ ክርስቲያን፣ ሌሊት መስጊድ የሚሄዱ እንደነበሩ በዘመኑ ተጽፏል። ጸጋ በነጋሪት አይታደልም። በጉልበት የተደረገ ጥምቀት ክርስቶስን ሳይሆን ንጉሡን ነው ያስተዋወቀው፤ የከሚሴ አካባቢ ክርስቲያን ዛሬ በጥቂትነቱ የሚኖረው ይህን ታሪክ በሚያስታውስ ማኅበረሰብ መካከል ነው።

ሆኖም ከዚያው አዋጅ የወጡት ሚካኤል ኋላ አብያተ ክርስቲያናትን ያሠሩ፣ እስከ ንጉሥነት የደረሱ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ድል እስኪሆኑ በክርስትናቸው የቆዩ ሰው ሆኑ። ብዙ የወሎ ቤተሰብም በሁለት ሃይማኖት ተከፍሎ መኖርን ተማረ። አባት ሙስሊም፣ አጎት ክርስቲያን፤ ሰርግ ሲደገስ ለየሃይማኖቱ የሚታረደው ከብት ለየብቻ፤ ቡናው ግን አንድ ላይ። ጸበልም የሃይማኖት መታወቂያ አይጠይቅም፤ የታመመ ሙስሊም ቢሄድበት የሚያስገርመው ወሎየ የለም።

ወደ ዛሬው ምእመን ስንመለስ ጉድለትና ጸጋ ፊት ለፊት የሚተያዩት ቅዳሴ ላይ ነው። ካህኑ ሥጋ ወደሙን ይዞ ሲወጣ ወደ ፊት የሚቀርቡት አብዛኞቹ በእናቶቻቸው የታዘሉ ሕፃናት፣ ጥቂት መነኮሳትና የሸመገሉ ባልና ሚስት ናቸው። መሐል ያለው ትውልድ፣ የሚሠራው፣ የሚያገባውና የሚጣላው፣ በግቢው ዛፍ ሥር ቆሞ ያያል። ጾሙን ግን ይጾማል። ሁዳዴን 55 ቀን ከሥጋና ከወተት ርቆ፣ በፋሲካ ጠዋት አይቆርብም። ምክንያቱን ሲጠየቅ «ገና ወጣት ነኝ፣ ብሳሳትስ» ይላል፤ ወይም ሳይገባው የበላ ፍርድ ይበላል የሚለውን የሐዋርያውን ማስጠንቀቂያ ያነሣል። አንትሮፖሎጂስቱ ቶም ቦይልስተን በጣና ዳር ስለሚኖሩ የዘጌ ክርስቲያኖች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ልማድ በሰፊው አጥንቶታል።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በ4ኛው መቶ ዓመት ምእመናኑ ለማየት መጥተው ሳይቆርቡ እንደሚመለሱ እያነሣ አጥብቆ ወቅሷል። ፍርሃቱ ክብር አለው፤ ቅዱሱን ነገር እንደ ተራ እንጀራ አለመቁጠር ነው። ግን አንድ እንግዳ ውጤት አለው፦ መድኃኒቱ እስክድን ይቆየኝ የሚል ሕመምተኛ ያፈራል። ቤተ ክርስቲያኒቱ ለዚህ ያዘጋጀችው መንገድ የንስሐ አባት ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ የንስሐ አባት ሊኖረው ይገባል፤ ካህኑ ኃጢአቱን ሰምቶ ቀኖና ይሰጣል፤ ጾም፣ ስግደት፣ ምጽዋት። ቀኖናው ሲፈጸም ደጁ ክፍት ነው። ምእመኑ ከብዙ ዓመት በፊት የሠራውን ቢናገርም እንኳ ካህኑ እንዳይገርመው ይጠበቅበታል፤ ሰው ሆኖ የማይስት፣ እንጨት ሆኖ የማይጨስ የለም ይል የለ ያገሬ ሰው።

ካህኑ ራሱስ? በየአጥቢያው ሐሜት የማያርፍበት ሰው ቢኖር እሱ ነው። መጠጥ ያበዛል፣ ተዝካር አይቀርበትም፣ ገንዘብ ይወዳል ይባላል፤ አንዳንዱ ሐሜት እውነት ነው። ይህም የቆየ ክርክር ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት በሰሜን አፍሪካ ዶናቲስቶች የተባሉ ክርስቲያኖች በስደት ዘመን ቅዱሳት መጻሕፍትን ለመንግሥት ሹማምንት አሳልፈው የሰጡ ጳጳሳት የሚያጠምቁት ጥምቀት ጥምቀት አይደለም ብለው ተለዩ። እነ አውግስጢኖስ ተከራከሯቸው፤ የሚያጠምቀው ክርስቶስ ነው፣ የአገልጋዩ ኃጢአት ስጦታውን አያረክሰውም አሉ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም የምስጢራቱን ኃይል በካህኑ ጠባይ ላይ አታንጠለጥልም። ደግሞም ካህኑ ቅዳሴውን የሚጀምረው ለራሱ ኃጢአት እየለመነ ነው፤ 41 ጊዜ ኪርያላይሶን ሲባል እሱ ከሚባልላቸው አንዱ ነው። ተራው ምእመን ይህን በራሱ መንገድ ያውቀዋል። ካህኑን እያማ መስቀሉን ይሳለማል፤ ሁለቱን አያምታታም።

ዳር ቆሞ የሚያየው ትውልድ ሁሉ ወደ መሐል የሚገባበት አንድ ቀን አለ፤ ስቅለት። በዚያ ዐርብ የሚቆርብም የማይቆርብም፣ ነጋዴውም ሾፌሩም ከጠዋት ጀምሮ ሲሰግድ ይውላል። ማምሻውን ሕዝቡ በካህናቱ ፊት ይሰለፋል። ካህኑ የወይራ ቅጠል ይዞ ጀርባውን ቸብ ቸብ ያደርገዋል፤ ሰውየውም በደሉን በለሆሳስ ይነግረዋል፤ የሚጨመርለት ስግደት በቁጥር ይነገረዋል። ዶክተሩም ጫማ ጠራጊውም ጎንበስ የሚሉት ለአንድ ቅጠል ነው። ማንም ከሰልፉ «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ አይወጣም። ጸጋ በኢትዮጵያ ምን እንደሚመስል ለባዕድ ማሳየት የፈለገ ሰው ያን ሰልፍ ቢያሳየው ይሻላል።

በ2013 ዓ.ም. ስቅለት የዋለው ሚያዝያ 22 ቀን ነበር። በዚያ ዓመት ከከሚሴ ደቡብ ያለው አገር እየነደደ ነበር። በመጋቢት በጅሌ ጥሙጋና በአጣዬ አካባቢ የተነሣው ግጭት በሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት ዳግም ተቀስቅሶ አጣዬ ከተማ በአብዛኛው ተቃጠለች፤ ሰው በብዛት ሞተ፣ ተፈናቀለ። ግጭቱ የብሔርና የፖለቲካ ነበር። ግን አቆጣጠሩን ልብ ይሏል፦ ዐቢይ ጾም ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ ነበር፤ ረመዳንም ሚያዝያ 5 ገብቷል። አጣዬ ስትነድ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጿሚ ነበር። አፍ ከምግብ ተከልክሎ እጅ ግን አልተከለከለም። በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ወር ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴ ራሷ ደረሰ፤ ከተማዋ በታጣቂዎች እጅ ቆይታ በኅዳር መጨረሻ ነበር የተመለሰችው።

ከዚያ ሁሉ በኋላ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ገበያ መኖር ቀጥሏል። ሰንበቴ እሑድ ይገበያል፤ ባቲ ሰኞ ይገበያል፤ ኦሮሞው፣ አማራውና አፋሩ በአንድ ሜዳ ከብት ይሸጣል። እዚህ ላይ የጸጋ ትምህርት ከባድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ የበላዔ ሰብእን ታሪክ የሚቃወሙት ያነሡት ያው ጥያቄ ነው። እግዚአብሔር ይቅር ቢል የተበደለው ጎረቤትስ?

የኦርቶዶክስ ንስሐ ለዚህ ያለው መልስ ጥብቅ ነው። የሰው ገንዘብ የያዘ ሰው ሳይመልስ ቀኖናው አይሞላም፤ ካህኑ «የወሰድከውን መልሰሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግዴታው ነው። ቀራጩ ዘኬዎስ ክርስቶስን በቤቱ ሲቀበል ያታለለውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ እንዳለ ይጠቀስለታል። ጸጋው በነጻ ነው፤ ዕዳው ግን የጎረቤት ስለሆነ በነጻ አይሰረዝም።

ደም ሲሆን ደግሞ ወሎ አበጋር አላት። አበጋሮች በዘር የሚወራረስ የእርቅ ኃላፊነት ያላቸው ሽማግሌዎች ናቸው፤ ቡናው ተፈልቶ፣ ጫቱ ቀርቦ፣ ዱአ ተደርጎ ገዳይና የሟች ወገን ይገናኛሉ፤ ካሳው ይቆረጣል፤ በኦሮሞው ዘንድ ጉማ የሚባለው ነው። አበጋሮቹ በአብዛኛው ሙስሊም ቢሆኑም ክርስቲያኑ ይቀርባቸዋል፤ በደሉን ይናገራል፤ ፍርዳቸውን ይቀበላል። በዚህ አገር ደም ያለበት ክርስቲያን ሁለት ደጅ ይጠናል ማለት ነው፦ ለነፍሱ የንስሐ አባቱን፣ ለሟች ቤተሰብ አበጋሩን። አንዱን ጨርሶ ሌላውን ቢተው የንስሐ አባቱ መልሶ ወደ እርቁ ይልከዋል። የከሚሴ ክርስቲያን ከሙስሊሙ ሽማግሌ ፊት ተቀምጦ የካሳውን ልክ ሲሰማ፣ ከዚያ ተነሥቶ ደግሞ ለቀኖናው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ ሁለቱ ጉዳዮች አይጋጩበትም፤ አንዱ የሌላው ቅድመ ሁኔታ ነው።